ከሐኪም የተደበቀው ፌስታል

(ድሬዳዋ ላይ ለከተማዋ ነዋሪዎችና ለጤና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ፤ አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት እናቶችና አባቶች ተቀምጣችኋል። ከኋላ ደግሞ የጤና ተማሪዎች ቆማችኋል። ዛሬ የምናገረው ለሁለታችሁም ነው፤ ጉዳዩ በሁለታችሁ መሀል ያለ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሬ ሰው ሲያመው መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል አይሮጥም። ዳማከሴ ጨምቆ ይጠጣል። ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል። ጸበል ይጠመቃል፣ ወይም ቁርአን ያስቀራል። ፋርማሲ ጎራ ብሎም «የጨጓራ ስጠኝ» ይላል። ይህ ሁሉ አልሆን ሲለው ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ስለዚያ ሁሉ ትንፍሽ አይልም። «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ስንለው «የለም» ይላል። ዕቃው ግን በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ወንበሩ ሥር ተቀምጧል።

ለምን ይደብቃል? ስለምንቆጣው ነው። ብዙ ሰው ከአንድ ሐኪም ወይም ነርስ «ይሄን ቅጠላ ቅጠልህን ተው!» የሚል ግልምጫ ቀምሷል። አንዴ የተገላመጠ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ቅጠሉን ግን አይተውም። የተቀናጀ ሕክምና የምንለው፣ ማለትም ክኒኑን ከቅጠሉ፣ ከምግቡና ከኑሮው ጋር አብሮ የሚያየው ሥራ የሚጀምረው ያ ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ነው። ፌስታሉ እስካልወጣ ድረስ እኛ የምናክመው የሰውየውን ግማሽ ነው።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሥራ የጀመርኩት እንደማንኛውም ወጣት ሐኪም ተረኛ ሆኜ ነው። ሌሊት የሚመጡት ሰዎች ታሪካቸው ይመሳሰል ነበር። ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት አለ። ስኳር እግሩን አቁስሎት የጠቆረበት አለ። ኩላሊቱ የደከመ አለ። በዚያ ሰዓት ሕይወት ለማትረፍ እንረባረባለን። ዘመናዊ ሕክምና ባይኖር ኖሮ ስንቱን ባጣን ነበር። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ እኔ መርፌና ክኒን የምጠላ ሐኪም አይደለሁም። ሲነጋ ግን ቤተሰቡን ቁጭ አድርጌ ስጠይቅ፣ ነገሩ የተጀመረው ከዓመታት በፊት ሆኖ አገኘዋለሁ። በምግቡ፣ በእንቅልፍ እጦቱ፣ በጭንቀቱ፣ ከአንድ ሰው ምክር ሰምቶ ባቋረጠው መድኃኒት። እነዚያን ዓመታት ማን ጠየቀው? ካርዱን ስገልጥ የግፊት ቁጥርና የመድኃኒት ስም ብቻ ነው ያለው።

ወደ ተቀናጀ ሕክምና ፊቴን ያዞረኝ ይህ ነው። በአሜሪካ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንድሩ ዋይል እ.ኤ.አ. በ1994 የዚህ ሕክምና ማሠልጠኛ አቋቁመዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች፣ በጸጥታ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተልን የሚያስተምር ፕሮግራም ጀምረው ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ብዙ ተምሬያለሁ። አብልጦ ያስተማረኝ ግን የመጋላ ገበያ ነው። መድኃኒት ቅጠል የሚሸጡ እናቶች ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምን ይሸጣሉ? ለማን? ስንት ማንኪያ ይላሉ? ስንት ቀን? ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ከርቤ፣ ሬት፣ ሰናመኪ፣ ሺፈራው። የሕመምተኞቼ ሁለተኛ ፋርማሲ እዚያ ነበር። ሻጮቹም ስለ ደንበኞቻቸው ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው እነሱ ጋ አይደብቅም።

እስቲ ሰናመኪን እንየው። ሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ቅጠሉ ተፈልቶ ይሰጣል። ይህ ተረት አይደለም። ከዚሁ ተክል የሚሠራ ክኒን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። አንጀትን ያንቀሳቅሳል፤ ይሠራል። የሚሠራ ነገር ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ከተጠጣ ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጡ ከሰውነት ፖታሲየም ያሟጥጣል። ሰውየው በተጨማሪ ውኃ የሚያሸና የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ፖታሲየሙ በሁለት በኩል ይወርዳል። የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። እንግዲህ ሐኪሙ ስለ ክኒኑ ብቻ፣ ሻጯ ስለ ቅጠሉ ብቻ ካወቁ፣ መሀል ላይ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አቋም ያዝኩ። ቀፊራ ገበያ ላይ አንዱ ሻጭ የሚመዝንበት ኪሎ ከሌላው መለየት የለበትም። ሕክምናም ላይ እንደዚያው ነው። የፈረንጅ ክኒን ሆነ የአያት ቅጠል፣ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው። ይሠራል ወይ? ለማን ይሠራል? በስንት መጠን? ምን ይጎዳል? «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ኮሶን አስታውሱ። አባቶቻችን ኮሶ ትልን ያስወጡበት ነበር፤ ትሉም ይወጣ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን ኮሶ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች አሉ። ዛሬ ለዚያው ትል አንድ ጊዜ ተውጦ የሚያበቃ ክኒን አለ። እዚህ ላይ እኔ ክኒኑን እመርጣለሁ፤ አላመነታም።

በተቃራኒው «የባህል ነው» ተብሎ የተናቀ ነገርም ዓለምን ያድናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። እሳቸው እንደ ዘበት አላለፉትም። ወስደው መረመሩ፣ ለኩ፣ ደጋገሙ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን ስንት ዘመን በእጃቸው ይዘውት የኖሩት ነገር ነው።

ወባ ደግሞ ለድሬ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ ጭምር እንዴት እንዳጠቃን ታስታውሳላችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው አዲስ የወባ ትንኝ በየቤቱ በበርሜልና በታንከር የምናጠራቅመው ውኃ ላይ ትራባለች። ያኔ የዋጣችሁት ክኒን ከየት መጣ? ከቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የሀገሯ ጽሑፍ ላይ አንድ ተክል በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ለትኩሳት እንደሚጠጣ አነበበች። ሌሎች ሲያፈሉት ኃይሉ ይጠፋ ነበር። እሷ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋ አወጣችውና አርቴሚሲኒን ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እዚህ ላይ የጤና ተማሪዎች ልብ በሉ። ቅጠሉ ብቻውን ኖቤል አላመጣም፤ ፈተናው ነው ያመጣው። ፈተናው ደግሞ ያለ ቅጠሉ መነሻ አልነበረውም።

አሁን አንዲት እናት ላሳያችሁ። ስም አልጠራም፤ ማንነቷ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም ስላይደለን «እሷ» ብላት ቅር አይላትም። የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። ካርዷ ላይ ስኳሯ ጥሩ ነው። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል እጇ፤ ያልባታል፤ ልቧ ይመታል። «አቦ ዶክተር፣ አንተ ብቻ አድነኝ፤ ሰው ዓይን በልቶሻል ይለኛል» አለችኝ።

«ከዚህ መድኃኒት ሌላ ምን ትወስጃለሽ?»

«ምንም።»

«አብሽስ ትጠጫለሽ?»

«እሱማ ምግብ ነው! መድኃኒት ነው እንዴ?»

ከቦርሳዋ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ማታ የተዘፈዘፈ አብሽ ነው፤ ግማሹን ጠጥታለች፤ ግማሹ ተርፏል። ሌላም ነገር አለ። ጎረቤቷ «ቁርስ ካልበላሽ ስኳርሽ አይወጣም» ስላለቻት ቁርስ ትታለች። ክኒኑን ግን በባዶ ሆዷ ትውጣለች።

የሆነውን ላስረዳችሁ። አብሽ ስኳር ከምግብ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ብሎ የሚገፋ መድኃኒት ነው። ሰውየው ይብላ አይብላ ግድ የለውም፤ ይገፋል። ላዩ ላይ ቁርስ ተነሳ። ስኳሯ እየወረደ ነበር እንጂ ዓይን አልበላትም። አብሽሽን ድፊው አላልኳትም። ቁርሷን አስመለስኩ፤ የግሊቤንክላሚዱን መጠን ቀነስኩ፤ አብሹን በአንድ መጠን፣ ከምግብ ጋር አደረግነው። እየለካን ተከታተልን። መንቀጥቀጡ ቆመ። ለዚህ የፈለገው አዲስ መድኃኒት ወይም ውድ ምርመራ አልነበረም። የፈለገው አብሽን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው።

ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉት። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» አትበሉ። ሰው ጥቁር አዝሙድን መድኃኒት አይለውም። በስም ጥሩለት። «አብሽ? ነጭ ሽንኩርት? ሺፈራው? ሰናመኪ?» በሉት። ስትጠሩለት ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

ዝም ብለው የሚያልፉ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የልብ በር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። ዋርፋሪን ከቫይታሚን ኬ ጋር አይስማማም። ቫይታሚን ኬ ደግሞ ጎመን ውስጥ ሞልቷል። ሰውየው በዐቢይ ጾም በየቀኑ ጎመን ይበላል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ሥጋ ይተካል። መድኃኒቱ ሳይቀየር የደሙ መቅጠን ይቀየራል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ደምን መመርመር ነው። ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት የሚውጥ ሰውም ዋርፋሪን ላይ ካለ ሊደማ ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባው አያሳስበኝም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። የት እንደተሠራ የማይታወቅ፣ «ከቅጠል ብቻ የተሠራ» የሚል የተጻፈበት ክኒን። ለመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ቀን ተአምር የሚሠራ። በተለያዩ ሀገሮች እንዲህ ያሉ ክኒኖች ሲመረመሩ ውስጣቸው የተደበቀ ስቴሮይድ ተገኝቷል። ለወንድነት የሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ቪያግራ የሚሠራበት ሲልዴናፊል ተገኝቷል። ስቴሮይድ ግፊትና ስኳር ያስነሳል፤ አጥንት ያሳሳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ሰውየው ቅጠል ወሰድኩ ይላል። በተቀናጀ ሕክምና ስም እንዲህ ያለውን የሚነግድ ሰው ሐኪም ቢሆንም ሐኪም አልለውም።

ስለ እምነትም ልናገር። በዚህች ከተማ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ኖረዋል። ሕመምተኛዬ እምነቱን ውጪ ትቶ እንዲገባ አልፈልግም። ጸሎት፣ ሶላት፣ ስግደት ልብን ያረጋጋል፤ የታመመን ሰው የሚጎበኝ ማኅበር ትልቅ መድኃኒት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ «ወይ ይሄ ወይ ያ» ማለት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ሰው ከሞት እንዳስቀረ አስቡት። ሐኪም መቶ ጊዜ ቢናገረው እንደዚያ አይሰማም። ስለዚህ ከካህናትና ከሼኾች ጋር መሥራት የሕክምናዬ አካል ነው።

ረመዳንም እንዲሁ። ስኳር ያለበት ሰው ለመጾም ካሰበ ከወራት በፊት ይምጣ። ለአንዳንዱ «አትጹም፤ ዲኑም ግድ አይልህም» እላለሁ፤ በተለይ ኢንሱሊን ላይ ሆኖ ስኳሩ ለሚዋዥቅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ ለደከመ። ለሌላው መጠኑንና ሰዓቱን እናስተካክላለን። እየጾሙ ጣት ወግቶ መለካት የግድ ነው። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ የዚያን ቀን ጾም ይፈታል። ለአፍጥር ሙሸበክና ሀልዋ ተደርድሮ ሲጠብቅ ማለፍ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በቴምርና በውኃ ጀምሩ፤ ሾርባው ይከተል፤ ጣፋጩ ለዒድ ይቆይ።

ምግብ ላይ ከደረስን ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ለሕመምተኞቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚራ ሰፈር ጥላ አላት፤ መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐዩ አልበረታም። እራት በልቶ አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ብቻውን ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይቀንሳል።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ ከሽፎ አይቻለሁ። ምክንያቱ አንድ ነው። ሐኪሙ የሚያዘው ለአንድ ሰው ሳህን ነው፤ እኛ ደግሞ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። አባወራው ግፊት ስላለበት ብቻውን ጨው የሌለው ምግብ ይቅረብለት ማለት ከማዕድ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ቤት ውስጥ ማን ያበስላል?» እላለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያ የሚያበስለው ሰው ይመጣል። ጨው በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፤ ዳቦ ውስጥ ያለው፣ በርበሬው ላይ የተጨመረው፣ ኩብ ማጣፈጫው ሁሉ ተደምሮ። ጨውን በአንድ ቀን ከቆረጣችሁት ቤቱ ይረበሻል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል፤ ልጆቹም አብረው ይተርፋሉ።

ሻሂ ደግሞ አለ። አንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር፤ በቀን አምስት ብርጭቆ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው፤ 60 ግራም ይሆናል። ኬክ ሳንበላ፣ ለስላሳ ሳንጠጣ። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከወር በኋላ ወደ አንድ። ሄል ጨምሩበት፤ ሽታው ጣዕም ይሆናል። የጾም ምግባችን ግን የሚያኮራ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። ከእነዚህ ሸሽተን በየቀኑ ፓስታና ነጭ ሩዝ ላይ መውደቃችን ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ጫት። ድሬ ላይ ቆሞ ስለ ጤና የሚናገር ሰው ጫትን ከዘለለ ስለ ድሬ አልተናገረም። ስንት ቤተሰብ እንደሚያድርበት አውቃለሁ። በርጫ ላይ ጓደኝነት፣ ሽምግልና፣ ሥራ እንደሚያልቅም አውቃለሁ። ስለዚህ አልሳደብም፤ የሰውነትን ነገር ልንገራችሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው። ካቲኖን የልብ ምትን ይጨምራል፤ ግፊትን ለሰዓታት ያስነሳል፤ የልብ የደም ሥርን ያጠባል። ረሃብን ያጠፋል፤ እንቅልፍን ይሰርቃል። ሆድ ያደርቃል፤ ፕሮስቴቱ ላበጠ ሰው ሽንት ይይዝበታል። የመድኃኒትን ሥራም ይነካል። አምፒሲሊን ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ በየመን የተሠራ ጥናት አሳይቷል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ይመጣ ነበር። ግፊቱ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ላይ ሆኖም አልወርድ አለ። ሦስተኛ ከመጨመሬ በፊት «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አልኩት። ምሳ ትንሽ ቀመሰ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ እየነዳ ቃመ፤ ባጃጁ ላይ ሁለት ለስላሳ፣ ጨው የተነሰነሰበት ለውዝ። ማታ ምርቃናው አልወርድ ሲለው ጨብሲ። የተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የግፊት መድኃኒቱን «ከመጠጥ ጋር አይሆንም» ብሎ ማታ ማታ ይዘለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ልክ አይሆንም፤ አልተወሰደም።

«ጫት አቁም» ብለው ኖሮ ለቀጠሮው አይመጣም ነበር። ግፊት ላለበት ሰው ጫት ባይነካ እንደሚሻል በግልጽ ነገርኩት፤ ከዚያ ከየት እንጀምር አልኩት። «ጨብሲውን እተዋለሁ» አለ። መድኃኒቱን ወደ ጠዋት አዛወርነው። ምሳውን በደንብ በልቶ ቅሚያውን 10 ሰዓት ላይ ማቆም ጀመረ። ለስላሳውን በውኃ ተካ። እንቅልፉ ሲመለስ ሐራራው ቀነሰ፤ ቅሚያውም አብሮ ቀነሰ። ሦስተኛው መድኃኒት አላስፈለገውም። ከዚያ ቀን በኋላ «ትናንት እንዴት ዋልክ?» የማልለው የግፊት ሕመምተኛ የለም።

ሙቀታችንም የራሱ ሕክምና ይፈልጋል። ላብ ውኃና ጨው ያወጣል። ውኃ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀቱ ወራት ሲነሳ ዓይኑ ላይ ጭልም ካለበት መጠኑ መታየት አለበት። የኩላሊት ጠጠርም ከውኃ ማነስ ጋር ይመጣል። ኢንሱሊን ደግሞ ከባዱ ነገር ነው። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋስ? ፍሪጅ የሌለውስ? ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት አለ። በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ተከትለው ፈተኑት። በ25 እና በ37 ዲግሪ መሀል ከፍ ዝቅ በሚል ሙቀት ኢንሱሊኑ ለ4 ሳምንት ኃይሉን ይዞ ቆየ። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። እናቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበት የሸክላ ገንቦ ደግሞ ላቡ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ፣ እርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት አስቀምጡት። ቲቪ ላይ ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥም አይገባም፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል።

ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

ከተማሪዎች አንዷ «ዶክተር፣ በቀን ይህን ሁሉ ሰው እያየን ጊዜ ከየት ይመጣል?» ብላለች። እውነቷን ነው። ውጪ ሀገር ለዚህ ዓይነት ቀጠሮ አንድ ሰዓት የሚሰጡ አሉ፤ እኛ አሥር ደቂቃ ካገኘን እድለኞች ነን። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አልጠይቅም። ዛሬ ፌስታሉን አስወጣለሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ እንቅልፉ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ የሚያበስለውን ሰው አገኛለሁ። ካርዱ ላይ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሐኪም ቢያየውም ከዚያ ይቀጥላል። ወረፋ ላይ የተቀመጡትን ነርሷ በቡድን ስለ ጨውና ስለ ስኳር ብታስተምር ደግሞ ያ የባከነ የሚመስለው ሰዓት ሥራ ላይ ዋለ።

ከኋላ ያለህ አባት፣ «ግፊቴ በመድኃኒት ተስተካክሏል፤ እየተራመድኩ ነው፤ ሺፈራውም እጠጣለሁ፤ ክኒኑን ላቁም?» ብለሃል። መራመድህን አድንቄያለሁ፤ ቀጥል። ክኒኑን ግን በራስህ አታቁም። የተስተካከለው ክኒኑ ስላለ ሊሆን ይችላል። በሺፈራው ብቻ ግፊት ይያዛል ብዬ አላምንም። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ተለካ፤ ማሽን ከሌለህ አቅራቢያህ ያለው ጤና ጣቢያ ይለኩሃል። ከመለካትህ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ጀርባህን ደገፍ በል፤ እጅህን ጠረጴዛ ላይ አድርግ። ቁጥሩን በወረቀት ጻፈው። በዚያ ቀን ቡና ወይም ጫት ካለ ከጎኑ ጻፍበት። ወረቀቱን ይዘህ ና፤ ቁጥሩ ከፈቀደልን መጠኑን አንድ ደረጃ ቀንሰን እንደገና እንለካለን።